ሁለት ዓምድ

ሮተርዳም፣ ኅዳር ነው፤ ጉም መስኮቱን ልሶ፣
የወደቡ ጸሐፊ ሌንደርት ብዕሩን አርሶ፣
"የጀልባችሁ ስም ማነው?" አለ ቀና ሳይል፤
"ማርትዬ" አለ ክሬይን፣ ቆቡን እያሸ በመዳፎቹ መሐል።

"እንግዲህ መዝገቡ ሁለት ዓምድ አለው፤
በግራ «እንፋሎት»፣ በቀኝ «ጎታች» ነው፤
የእናንተዋ የት ትግባ? ቶሎ በል፣ ሰው ብዙ ነው።"

ክሬይን ዝም አለ።
ሃያ ሁለት ዓመት ከሰል የዛቀ ሰው፣
ቅንድቡን ምድጃ ሁለቴ የላሰው፣
ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱ ነው ያነቀው።

"ጌታዬ" አለ ኋላ፣ "እሳት አነዳለሁ፣
ውኃ አፈላለሁ፣
እንፋሎት ይገፋል፣ ብረቱ ይዞራል፣
ጭሳችን እንደ ሰው ጭስ ወደ ላይ ያመራል፤
እንፋሎት አይደለችም ማለት እንዴት ይቻላል?
ግን ደግሞ ገመድ ነው እንጀራችን፤ ጭነት አንጭንም፣
መንገደኛ የለንም፣ ፖስታም አናደርስም፣
ጃቫን በወሬ እንጂ በዓይናችን አናውቅም፤
የሌላውን ጉዞ ነው የምንጓዝ እኛም።"

"አንዱን ምረጥ" አለው ሌንደርት፣ "ዓምዱ ጠባብ ነው።"

"ምነው ያን የጥር ሌሊት አብረኸን ባየኸው!
ቮልሃርዲንግ የሚሏት፣ ታውቃታለህ መቼም፣
ጭስ ማውጫዋ ከደወል ግንብ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤
(«ጽናት» ማለት ነው ስሟ፤ ባለሀብት በስም አይሰስትም።)
ከወንዙ አፍ ላይ ሳለች፣ ማዕበል ሲያላጋት፣
ጋኗ ተሰነጠቀ፤ እንፋሎቷ ሸሻት።
ዝም አለች። ያን ዝምታ ሰምተኸው ታውቃለህ?
አንዴ ከሰማኸው ሌሊት ሌሊት ትባንናለህ።
ሦስት መቶ ነፍስ ጭና፣ በሳሎኗ ፒያኖ፣
ወደ አሸዋው ደለል ሄደች፣ ጎኗ ዘንበል ሆኖ።

ደረስንላት እኛ፣ የማርትዬ ልጆች፤
አራት ወንዶች ነን፣ አንድ ድመት፣ ስምንት እጆች።
ወፍራሙ ገመድ ሲወጠር፣ ውኃው ከውስጡ እንደ ጭስ ተነነ፤
እስቲ ንገረኝ፣ የእንፋሎት መርከብ ያለ እንፋሎት ምን ሆነ?
«እንፋሎት» ማለት እኮ፣ በምን ትሄዳለች፤
«ጎታች» ማለት ደግሞ፣ ሄዳ ምን ትሠራለች።
አናጢውን ጠርተህ፣ ከመዝገብህ ፊት ለፊት፣
«አናጢ ነህ ወይስ ተንፋሽ?» ትለዋለህ ወይ በእውነት?"

ሌንደርት ብዕሩን አኖረ። ከወረፋው አንዱ ሳቀ።
ከመሳቢያው ደብዳቤ መዘዘ፣ ማኅተሙ የለቀቀ።
"ከባለቤቱ ነው" አለ፤ "አልሰማህም መሰል፤
በጸደይ ጋኑ ይወጣል፤ አይገባም ከእንግዲህ ከሰል።
የናፍጣ ሞተር ነው የሚተካው፣ ከጀርመን የሚመጣ፣
አንድ ልጅ በጨርቅ የሚወለውለው፣ ጭስ እንኳ በቅጡ የማያወጣ።
ስለዚህ «ጎታች» ልበላት፤ ያኛው ለጥቂት ወር ነው።"
ክሬይን ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ጉሙ ማርትዬን ውጧታል፣ ጭሷን ብቻ ነው ያየው።

"ጻፍ" አለ። "ልክ ነህ። እሷማ ጎታች ናት፤
ሳንባዋን ቢለውጡት ሥራዋ አይለቃት።
እኔ ነኝ እንጂ..." አለና ተወው።
ከውጭ ፊሽካ ጮኸ፤ ምድጃው ተርቦ ነው።

ጎንበስ ብሎ ፈረመ፤ መዳፉ፣ ሳያስበው፣
በግራው ዓምድ ላይ አርፎ ባዶውን አጠቆረው።
ሌንደርት ላጲስ አነሳ።
ጥቂት አየና መልሶ አስቀመጠው።
"ቀጣይ!" አለ፣ ገጹን ሳይጠርገው።