ሲዘጋ የሚያልፍ

ሻርጃ፣ በነሐሴ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣
ባሕሩ ላብ ሆኖ ሰው ላይ የሚዘንብበት፤
የፕላስቲክ መፍጫዋን ሆዷን ከፍቼላት፣
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ ሳያት፣
አንድ ሽቦ አገኘሁ፤ ቀይ ነበር፣ ደብዝዟል፤
ከማቆሚያው ቁልፍ ሥር በሙቀት ተበጥሷል።

መቼ እንደ ተበጠሰ ማንም አያውቅም።
ቁልፉ ግን አለ። ቀይ ነው። ተወልውሏል።
በዐረብኛ፣ በኡርዱ፣ በማላያላም «አቁም» ይላል።
ማቆም ግን አይችልም።

ትናንት ጉልዛር፣ እጅጌውን ጥርሷ ሲይዘው፣
ቁልፉን መታው።
ደግሞ መታው።
የዳነው ሸሚዙ ርካሽ ስለ ነበር ነው፣ ቶሎ ተቀደደ፤
ሁለት ጣት ብቻ ሄደ።

ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ያሰረው እንዲህ ነው፦
ቁልፉ ሲጫኑት ብቻ ነው ቃል የሚወጣው።
ሌላውን ቀን ሁሉ አፉን ይዞ ያድራል፤
ዝም ካለ ደኅና ነው ተብሎ ይታመናል።
ዝም ያለ ሁሉ ደኅና ነው ያለው ማነው?
ምላሱ የተቆረጠም ዝም ነው።
«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገሬ ሰው ሲተርት፤
ይነቅዛል። ይኸው ባትሪዬ ብርሃን ላይ፣ ነቅዞ አየሁት።

ገልብጬ አሰርኩት።
ዝግ በር አያሳልፍም፤ ዝግ ገመድ ግን ያሳልፋል፤
ይህቺን ለረዳቴ ለሳጂ ሳስረዳ ሌሊቱ ያልፋል።
አሁን ሃያ አራቱ ቮልት ከፓነሉ ተነሥቶ፣
በየማቆሚያው ቁልፍ በተራ ገብቶ ወጥቶ፣
«አለሁ፣ አለሁ» እያለ ኮንታክተሩ ዘንድ ይደርሳል፤
ማግኔቱም ይህን ቃል እስከ ሰማ ድረስ ይይዛል።
ጣት ቁልፉን ቢጫነው፣ አይጥ ገመዱን ብትበላው፣
ብሎኑ ቢላላ፣ የባሕር ጨው ቢያዝገው፣
ቃሉ ይቋረጣል፤ መፍጫዋም ትቆማለች።
መብራት ተመልሶ ቢመጣ እንኳ በራሷ አትነሣም፤
አረንጓዴውን ሰው እስኪጫንላት ትጠብቃለች።

ሙዲሩ መጣና፣ «በከንቱ ትቆማለች፣ ምርት ይጎድላል» አለኝ።
«በከንቱ ከምትፈጭ በከንቱ ትቁም» አልኩት፣
በዚያች በጎደለች ዐረብኛዬ።
«ኻላስ» ብሎ ሄደ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ነገሩ የገባኝ አልጋዬ ላይ ነው፣ ኤሲው እያንኳኳ።
እህቴ ሙሉነሽ አል ዐይን ሰው ቤት ናት።
«ሲጨንቅሽ ደውዪ» ብያት ነበር ስሸኛት።
ሦስት ሳምንት ዝም አለች።
ደኅና ናት ብዬ፣ ሦስት ሳምንት ተኛሁ።
ስልኳን ነጥቀዋት ቢሆንስ? ገመዱ ተበጥሶስ?
ያን ሰው ስረግመው ውዬ፣
የገዛ እህቴን እንደሱ አስሬያት ኖሯል።

ሲነጋ ተገኘች። ስልኩ በእመቤቲቱ ቦርሳ ነበር።
«ከዛሬ ጀምሮ» አልኳት፣ «ማታ ማታ አራት ሰዓት፣
አንድ ሚስኮል። አታውሪ። ካርድሽን አትጨርሺ።
የደወልሽ ማታ እተኛለሁ።
ያልደወልሽ ማታ እመጣለሁ፣ ምክንያት አልጠይቅም።»

አርባ አንድ ሌሊት ስልኬ በርቶ ጠፋ።
ስሟን ነጣጥዬ አነበዋለሁ፦
ሙሉ ነሽ።
ከዚያ ጫማዬን አወልቃለሁ።

ዛሬ አራት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ሆነ።
ሳጂ የታክሲ ብር ቆጥሮ እጄ ላይ አኖረ።
ጫማዬ እግሬ ላይ ነው።