ከቆርቆሮው ማዶ

ጡረታ ስወጣ ከደብዳቤው ክፍል፣
ምንትዋብ ሰጠችኝ፣ «ይኼ ላንቺ» ስትል፣
በፖስታ አሽጋ አሥራ ሰባት ፍሬ፣
የከሰል ስባሪ የሚመስል ጥሬ።
ስሙን ብጠይቃት፣ «ሐረግ ነው፣ ይወጣል፤
ማሰሪያ ስጪው እንጂ መንገዱን ያውቃል።»
ፖስታው ላይ ስም የለም፣ ቁጥርም የለበት፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሰፈር የለየሁበት
እጄ ግራ ገባው።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ደመናው ሲወርድ፣
በጥፍር መሞረጃ ቆዳውን ስሞርድ፣
ከአሥራ ሰባቱ አንዷ ተፈናጥራ ጠፋች፤
(ዛሬም አልጋ ሥር ነው መሰለኝ የተኛች።)
ሌሎቹን በውኃ፣ በሻይ ብርጭቆ አሳደርኩ፤
ሲነጋ አብጠው ሳይ ብቻዬን ሳቅኩ።

መሬቴ ምን አላት? አንድ ክንድ ተኩል፣
በልብስ ማጠቢያው ሳፋና በቆርቆሮው መሐል፤
ፒያሳ፣ ገዳም ሰፈር፣ የቀበሌ ቤት፣
ፀሐይ በወረፋ የምትገባበት።
ከቆርቆሮው ማዶ የሚኖረው ዘርጋው
«አንቱ» ነበር ድሮ፤ ማዕረጉን አሸንዳው ገፈፈው።
ጣሪያው ያጠራቀመው በኔ በኩል ይፈሳል፤
አሥራ አንድ ክረምት ይኼው ያናቁረናል።
ቀበሌ ሦስቴ ሄድን፤ ሽማግሌ ዋለ፤
ውኃው መች ሰማና፤ ጠብ… ጠብ… ጠብ… እያለ።

ዘሩን ከዚያው ጠብታ ሥር ቀበርኩት።
ምን ላድርግ፣ ሌላ ቦታ የለኝም።

በዘጠነኛው ቀን ቅጠል አየሁ ሁለት፣
እንደ ሕፃን ሱሪ መሐላቸው ክፍት።
ስድስቱን በሌሊት ቀንድ አውጣ ቀረጠፈ፤
አራቱን የሰኔ በረዶ ደፈጠፈ፤
ለተረፉት ሲባጎ ከጣሪያ ዘረጋሁ፤
(የመሥሪያ ቤት ነው፤ መመለሱን ረሳሁ።)
ጫፉን ወደ ግራ በእጄ ብጠመዝዝ፣
ሌሊቱን ተፈቶ በቀኙ ሲጓዝ።
ግትር ነው። ወደድኩት።

መስከረም ሲጠባ ቆርቆሮው ጠፋ፣
ዝገቱን ሸፈነው፣ ቅጠሉ ተስፋፋ፤
እንቡጡንም አየሁ፣ እንደታጠፈ ጥላ።
ማለዳ ብጠብቅ፣ ነገም፣ ከነገ በኋላ፣
በኔ በኩል ሐረግ፣ በኔ በኩል ቅጠል፤
አበባው የት ሄደ? ልቤ ቅጥል፣ ቅጥል።

አንድ ቀን በጠዋት ከማዶ ሰማሁት፦
«ጉድ በሉ እናንተዬ፣ ሳልዘራ ያገኘሁት!»
በርጩማ ላይ ቆሜ አንገቴን ባሻግር፣
ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ ነገር፤
አርባ ይሆናሉ፣ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ፣
ጀርባቸው ወደ እኔ፤ ወደ ዘርጋው ሳቅ።
እሱም በፒጃማ፣ የጥርስ ብሩሽ በአፉ፣
እጁን ኋላ አጣምሮ ቆሟል ከደጃፉ።
ውኃ ማን አጠጣው? ቀንድ አውጣ ማን ለቀመ?
(እውነት ለመናገር፣ ውኃውን አሸንዳው ነው።)
«የኔ ነው!» ልል ነበር፤ ቃሉ ከአፌ ቆመ።
ሰውየው እግዜርን ያመሰግናል፤
መሐል ገብቼ ምን እላለሁ?

ስድስት ሰዓት ሲሆን አርባውም ይጨማደዳል
እንደ እርጥብ ሶፍት። ዘርጋው አይቶ ያዝናል።
ነገ ሌላ አርባ ይመጣል።
አልነገርኩትም።

ኅዳር ላይ ቆርቆሮው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤
በላዩ እጅ ወጣ፤ የዘርጋው ነው ለካ፤
የሎተሪ ወረቀት፣ ያልወጣለት ዕጣ፣
በውስጡ ተቋጥሮ ጥቁር ፍሬ መጣ።
«ዘር ነው» አለ። «በኔ በኩል እንዲሁ ነው የበቀለው።
ካንቺም ዘንድ ይሞከር፤ ውኃ እንደሁ ሞልቶሻል፣ የማውቀው ነው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በቀይ ማኅተም፣
«ለላኪ ይመለስ» ብዬ ስመታ፣ አንዴም
ወደኔ የተመለሰ ደብዳቤ አልነበረም።

ፍሬዎቹን ቆጠርኩ፤ ከአሥራ ሰባት ይበዛሉ።
«እግዜር ይስጥልኝ፣ አቶ ዘርጋው» አልኩ።
«አቶ» ማለቴን ያወቅኩት
የሻይ ብርጭቆውን ስፈልግ ነው።