ቅጹ መሳቢያ ውስጥ ነው

ፍራኦል ዴስክ ሰበረ፣ ሁለተኛ ፔሬድ ላይ፤
«አምስት ቀን ይታገድ» አሉኝ መምህር ሲሳይ።
ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ማኅተሙ ከጎኑ፤
የቀረው ፊርማዬ ነው፣ ስሙና ቀኑ።
ልጁ በሩ ላይ ቆሟል፣ ሹራቡን ጠቅልሎ፣
ብሎክ ይቆጥራል ዓይኑ፣ በመስኮቱ ዘልሎ።

ብዕሬን አነሳሁ።
                ትዝ አለኝ ምሥጋኑ።

አምና እንዲህ ቆሞ ነበር፤ እኔው ነኝ የፈረምኩ፣
«ወላጅህን አምጣ» ብዬ በሩን የጠረቀምኩ።
ወላጅ ከየት ያመጣ? እናቱ ዓረብ አገር፤
ያባቱን እንጃ፣ ጠይቄው አላውቅም ነበር።
አምስቱ ቀን አለፈ፤ አሥራ አምስትም ሆነ፤
ስሙ ከመጥሪያው ላይ በቀይ ተከደነ።

ዓርብ ዕለት ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ስሳፈር፣
«ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ይላል፣ ተንጠልጥሎ በበር።
ሂሳብ ብዘረጋለት፣ እጄን መለሰና
«ተከፍሏል ቲቸር» አለኝ።
                አልተከፈለም ገና።

ቅጹን መሳቢያ ከተትኩ፤ ጋሽ ዋቅቶላን ጠራሁ፣
መዶሻና አራት ምስማር ከጥበቃ ቤት አስመጣሁ።
ፍራኦል ምስማሩን ስቶ አውራ ጣቱን መታ፤
ተሳደበ።
        እንዳልሰማ ሆንኩ ላፍታ።
እኔ ያልጠየቅሁትን ጋሽ ዋቅቶላ ጠየቁት፣
ዴስኩን በጉልበታቸው ደግፈው እንደያዙት።
ምን እንዳላቸው አልሰማሁም።

ዴስኩ አሁንም ያነክሳል። መምህር ሲሳይ ይስቃሉ፤
«ይኸው ቅጣትሽ ቆመ፣ በሦስት እግር!» ይላሉ።
ፍራኦል በየጠዋቱ ካርቶን አጥፎ ይመጣል፣
ካጭሩ እግር ስር ይወትፋል፣
ይቀመጣል።