ሳትነካው አስር ደቂቃ

ቫሊቆ ተመልሶ መጣ በማለዳ፣
ኦፔሉን ከበሬ ገተረው በቁጣ፤
«ባትሪ ቀይርልኝ አልኩህ እንጂ ትናንት፣
ሌላ መኪና ነው ከእጅህ የወጣ!

መብራት ላይ ሳቆመው እንደ ወባ ታማሚ
ይንቀጠቀጥና ጸጥ ይላል ትንፋሹ፤
ማርሹን ሲቀያይር ከኋላዬ ገፍቶ
ያንገጫግጨኛል፤ የቱ ነው ብልሹ?»

ሠላሳ ሁለት ዓመት አውቶቡስ የነዳ፣
ከቁታይሲ ባቱሚ ጉድጓዱን በስም የሚጠራ፤
ለሱ ስለ መኪና መንገር
ለቄስ ዳዊት ማስቆጠር ነው።
ተናገርኩ ግን።
«አልተበላሸም» አልኩት። «ረስቷል።»

«ምን ነበር የሚያውቀው?» አለኝ ፊቱን አጥቁሮ።
«አንተን ነበር። ቀኝ እግርህን፣ አረጋገጥህን፣
ከድልድዩ ማዶ የምትቀዳውን ርካሽ ቤንዚን፣
ደግሞ ይኼን…»

ቱቦውን ነቅዬ በእጅ ባትሪ አሳየሁት።
የአየር በሩን ከንፈር ዞሮት ጥቀርሻው፣
እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ፣ እንደ ሬንጅ ወፍሮ፤
ፀጉር በማታሾልክ በቀረችው ስንጥቅ
ይተነፍስ ነበር ኦፔሉ ዘንድሮ።

«ኮምፒውተሩ ግን አንድ ቀን አልከሰሰህም፤
ዛሬ በጥቂቱ፣ ነገም በጥቂቱ፣
በሩን ገርበብ አርጎ፣ ሳይነግርህ፣ ሳያማህ፣
እድፍህን ሸፈነው በዝግታ ብልሃቱ።

አሁን ልቡ ባዶ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ
ያስጠኑትን ብቻ ይላል በቃል በቃሉ፤
ንጹሕ በር፣ ጥሩ ቤንዚን፣ የተረጋጋ እግር፤
አንተ የለህበትም ከተጻፈው ሁሉ።»

ጥቀርሻውን በጣቱ ነካ። አሸተተው።
«ስንት ዓመት?»
«እንጃ። ስድስት፣ ሰባት።»
«ሰባት ዓመት ሙሉ» አለ፣
«ደህና መኪና አለኝ እያልኩ ሳወራ።»

በጨርቅ ፈተግሁት፤ ጥቁሩ በክንዴ ወረደ።
«አሁን ቁልፉን አዙር። ከዚያ አስር ደቂቃ
እግርህን አንሣና ምንም አትንካበት፤
ማሞቂያ አትክፈት፣ መብራትም አታብራ፣
ይተንፍስ ዝም ብሎ፣ ራሱን ያድምጥበት።»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።
የነጂ እጅ ሥራ ፈትቶ ማየት ያሳፍራል፤
ፊቴን ወደ ሪዮኒ ወንዝ መለስኩ።
ረዳቴ ቴንጊዝ ደቂቃውን በስልኩ ይቆጥራል።

በሰባተኛው ላይ ሞተሩ ሊጠፋ አቃሰተ፤
የሽማግሌው እግር ሳያዝዘው ተነሣ።
«እግር!» ብዬ ጮኽኩ።
እንደ ተቀጣ ተማሪ ሰበሰበው።
በስምንተኛው መንቀጥቀጡ ረገበ፣
በዘጠነኛው ቀስቷ ስምንት መቶ ላይ ተኛች።

«በል ወደ ጽቃልጡቦ ሂድ። ቀጥ ባለው መንገድ
ሰማንያ ያዝ፣ ከዚያ ፍሬን ሳትነካ ልቀቀው፤
ይንከባለል እንዳሻው። ሦስቴ፣ አራቴ።
አትቆጣው፣ ይማራል።»
«እንደ ተማሪ ነዋ!»
«እንደ አዲስ ምራት ነው፤
የቤቱን ጨው ልክ እስክታውቅ
ወጡን ዝም ብለህ ትበላለህ።»

በሦስተኛው ቀን መጣ፣ የግቢውን ወይን
በፕላስቲክ ጠርሙስ እስካፉ ሞልቶ።
«አይንቀጠቀጥም» አለ፤ ሌላ ምስጋና አያውቅም።
አንገቴን በመስኮቱ አሾልኬ አየሁ፤
ውጪ ፀሐይ አናት ላይ ናት፣
የዳሽቦርዱ ሰዓት ግን ሊነጋ ነው ይላል።

«ይኼኛው በመንገድ አይማርም፤
የሚነግረው ሰው ይፈልጋል» ብዬ
ጣቴን ስዘረጋ እጄን ያዘኝ።
«ተወው። ሽቦውን ካጠበቅህባት ደቂቃ
እየቆጠረ ነው። ምን አጠፋ?
እኔ እንደሆን ሰዓት አለኝ» አለና
አንጓውን መታ መታ አደረገ።

ሄደ። ከጥጉ ሲደርስ፣
እንደ ድሮው፣ አምሽቶ፣ ፍሬኑን ረገጠ፤
ሞተሩ ትንሽ ደንገጥ አለ፣
ከዚያ ያዘው።
አንድ ነገር ስለሱ አወቀ።