ከመቶ አሥራ ሦስት

በየአምስት ቀኑ ያልፋል፣ ያ እንቅልፍ የሌለው ዓይን፣
ከላይ ወደ ታች እያየ፣ አዌቱን፣ ቦዬን፣ ጅሬን።
እኔ ኪቶ ማዶ ክፍሌ፣ መብራት ሲመጣ ጠብቄ፣
ያየውን እፈታለሁ፣ ዓይኔን ከስክሪን አጣብቄ።

አገር እንደ ጎመን ተከትፎ፣
በአሥር በአሥር ሜትር፣ በረድፍ በረድፍ ተሰልፎ፣
ቁራጩ ሁሉ ያፈጥብኛል፤
«ምንድን ነኝ?» ይለኛል።

አንድ ብዬ ደን፣ ሁለት ብዬ እርሻ፣
ሦስት ባሕር ዛፍ፣ አራት ረግረግ፣ የውኃ መሸሻ፣
አምስት ቆርቆሮ፤ «ሰው አለ» ማለት ነው።
(ሣር ክዳን ቤት ያለው ሰው፣ እርሻ ሆኖ ነው የሚታየው።)

ክረምቱ አይጠቅመኝም። ከሰኔ እስከ መስከረም፣
ጅማ ደመና ናት፤ ሌላ ነገር የለም።
ታኅሣሥን ጠበቅሁ፣ ሰማዩ እስኪጠራ፣
ቅጠል ከቅጠል ተለይቶ፣ በቀይ እስኪያበራ።
በዚያ እኛ በማናየው ብርሃን፣ ለምለም ነገር ሁሉ ቀይ ነው፤
ለእናቴ ስነግራት፣ «ምን ዓይነት ዓይን ነው» አለች፣
«ለምለሙን ደም የሚያደርገው?»

ጌራ ላይ፣ ከመንገዱ በስተ ምዕራብ፣ ሰፊ ደን አገኘሁ፤
ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም ድፍን። «አንድ» ብዬ አለፍሁ።
ሦስት ሺህ ሄክታር፣ በአንድ ጠቅታ፣
ሻዬ ሳይቀዘቅዝ፣ በአንድ ማታ።

ለማረጋገጥ ሄድን፣ በየካቲት መባቻ፣
እኔና ሙዘይን፣ ሞተር ሳይክልና ጂፒኤስ ብቻ።
ነጥብ አርባ አንድ። ሥር፣ ሐረግ፣ ጥላ፤
ጉሬዛ ዘለለ፣ ከቀረሮ ወደ ሌላ።
«ደን ነው» አልሁ ለሙዘይን፤ «ጻፍ፣ አንድ።»
ከዛፉ ሥር ሳቅ ተሰማ፤ ሰው ወጣ በቀጭኑ መንገድ።

አባ ፊጣ ይባላሉ፤ ገጀራ በወገባቸው፣
ከሸሚዛቸው ቁልፎች ሁለቱ የቀሩላቸው።
«ደን?» አሉ። «ይህ ዋንዛ፣ አባቴ የተወው ለጥላ፤
ይህ ሰሳ፣ እኔ ያሳደግሁት፣ ልጄ ከተወለደች በኋላ።
ዝቅ በል እስቲ፤ ከሥሩ እይ፤ ይህ ሁሉ ቡና ነው፤
ያ የድንጋይ ክምር ደግሞ፣
ዘቢባ ያለችበት ነው።
ማሽንህ ዝቅ ይላል?»

አይልም። አናት ብቻ ነው የሚያይ፤
እንደ ባለሥልጣን፣ ከመኪና ሳይወርድ፣ ከላይ ከላይ።
ዝርዝሩን ገለጥሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
ኮድ አልወጣለትም ለጥላ፤ ለመቃብርም፣ ለልደት።

ሙዘይን እስክሪብቶውን ነክሶ ይጠብቃል፤
«ምን ልጻፍ?» ይላል።
«ደን ካልኸኝ፣ ‹ውጣ› የሚል ይመጣል፤
እርሻ ካልኸኝ፣ ግብሩ ይከብዳል፤
ልጄ፣ ከቀለሞችህ የትኛው ነው
ሰው የሚያስኖረው?»

ያን ቀን የጻፍነውን አልናገርም።

በማግስቱ ቦዬ ወረድን። ሸክላው አፈር ተቆፍሮ፣
ጡብ ሆኖ ከተማ ገብቶ፣ ጉድጓዱ ውኃ ቋጥሮ፣
በእኔ ካርታ ላይ ሐይቅ ነው፤ ሰማያዊ፣ ውብ።
አንድ ልጅ ሱሪውን ሰብስቦ ይወጣል፣ በራሱ ላይ አራት ጡብ።

ሪፖርቱ ተጻፈ። ትክክለኛነት፦ ከመቶ ሰማንያ ሰባት።
ፕሮፌሰሩ «ግሩም» አሉ፤ ጭብጨባም ነበረበት።
የቀሩት አሥራ ሦስቱ የት እንዳሉ የጠየቀ የለም፤ እነማን ናቸው?
እኔ አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ስልክ አላቸው።

ትናንት አባ ፊጣ ደወሉ። «ዝናብ ጣል አደረገና፣
ቡናው በአንድ ሌሊት አበበ፤ ሥሩ ሁሉ ነጭ ሆነ።
ያ ዓይንህ አየው ይሆን?»

ምስሉን ከፈትሁ፤ የዚያኑ ቀን፤ ነጥብ አርባ አንድን ፈለግሁ።
ነጭ ነው። ደመና ነው፤ ደመና እንደሆነ አውቃለሁ።
ግን ስልኩ ገና አልተዘጋም፤
ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«አየው» አልኋቸው።