ሳያፈርሱ መግባት

ቂሊንጦ ከወንዙ፣ ከረግረጉ ዳር፣
ሌሊት እንቁራሪት ይጮኻል በማኅበር።
የጨረቃ ቤታችን ጭቃው ሳይደርቅ ገና
ስሰማው አደርኩኝ፣ ዝናብ ነበርና።
«ዝሆን አክላለሁ ብላ ሆዷን ነፍታ፣
ይቺ ናት የሞተች እንደ ፊኛ ፈንድታ»
ትላለች እናቴ፣ ኩራዙን አጥፍታ።

የእኔ እንጀራ ግን ከዚያች ሞኝ ቆዳ ነው።
ቀን ቀን፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣
ከቆዳዋ ላብ የተማርነውን
ሃያ አንድ ዶቃ በአንድ ክር ሰካሁት፤
ፔፕታይድ ይሉታል፣ እኔ ጨሌ አልኩት።

የጀርሟ ሽፋን ኔጌቲቭ፣
ጨሌዬ ፖዘቲቭ፤
ማንም ሳያስተዋውቃቸው ይፈላለጋሉ።
መጀመሪያ ይተኛባታል፣ ዝም ብሎ፣ በጎኑ፤
ቀጥሎ ይሰምጣል፤
ከዚያ ግድግዳዋ ይበሳል፣
የውስጧ ወደ ውጭ ይፈሳል።
እንደ አፍራሽ ግብረ ኃይሉ አይደለም፣
በራችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፎ
ሰባት ቀን እንደሚሰጠው።
ጀርሟ ጓዟን የምትሸክፍበት፣
መላ የምትመታበት ጊዜ የላትም።

ናሙና አርባ ሦስት። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ።
እኔ ግን አውቀዋለሁ፦ የሌንጂሳ እግር ነው፣
ብረት ፋብሪካ ውስጥ የጋለ ዘንግ የላሰው ታናሼ፤
ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለምዶ የናቀ ቁስል።
ሳህኑን ስገልጠው፣ ጠብታው ባረፈበት
ጥርት ያለ ክብ፣ እንደ ጨረቃ።
ልጮኽ ነበር። አልጮኽኩም።
በጎን ባለው ቱቦ
ከክንዴ የቀዳሁት የራሴው ደም
ፈንድቶ፣ እንደ ከርከዴ ቀልቶ ጠበቀኝ።
ጨሌዬ ወዳጅና ጠላት አልለየም።

አመሻሹ ላይ በአጥራችን ቀዳዳ
የወይዘሮ ጥሩዬ እጅ ገባ፣
የአጥሚት ጣሳ ይዞ፤ «ለበሽተኛው» አሉ።
አንድ ቆርቆሮ አልተነቀለም፣
አንድ ሚስማር አልጮኸም።
ጣሳውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ከብዙ ሳምንት በኋላ አንዱን ዶቃ ቀየርኩ፣
አሥራ አራተኛውን።
መድኃኒት በጀርባው አሳዘልኩት፣
ለምልክት የሚያበራ ቀለም ጨምሬ።
በማይክሮስኮፑ አየሁ፦ ሴሏ እንዳለች ናት፣
ሽፋኗም እንዳለ፤
አረንጓዴው ብርሃን ግን ውስጥ ገብቷል።
ሳያፈርስ።

በሳህን የሆነ በእግር ገና አልሆነም፤
ለሌንጂሳ ይድረስ አይድረስ አላውቅም፣
ፋሻውን ዛሬም እኔው ነኝ የምቀይረው።
እሁድ ዕለት፣ ሚስማር በጥርሴ ይዤ አጥሩን ስጠግን፣
ያቺን ቀዳዳ ግን ተውኳት።
ረግረጉ ውስጥ ሞኟ ትጮኻለች፣
ሳትፈነዳ።