ዝርያው ያልታወቀ

ሦስተኛው ፎቅ የኔ ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣
መጥረጊያዬን ይዤ ከደረጃው አናት።
ሊዩብሊያና ከውጭ ዝናብ ትጠጣለች፤
ዶክተር ቶንችካ ግን አሁንም እዚሁ አለች፤
ቀና ሳትል እንኳ ከማይክሮስኮፑ ላይ፣
«ግቢ፣ ሴናይዳ» ትለኛለች፣ «ግን ቀስ በይ።»

መሳቢያው ሙሉ ነው፤ በመርፌ የተሰካ
የዋሻ ጥንዚዛ፣ ሰሊጥ የሚያህል፣ በጣት የማይነካ።
ዓይን የሚባል የለው፣ ጨለማ ነው አገሩ፣
ቀይ ዳማ ነው ቆዳው፣ ክር ያህላል እግሩ።
የላይኛው ዋሻ ልጅ፣ የታችኛው ዋሻ ልጅ፣
ማን ለይቷቸው ያውቃል? አንድ ናቸው እንጅ።

«በምን ትለያለሽ?» አልኳት አንድ ምሽት።
«በወንዱ ብልት ነው» አለች፣ «እሱ ነው ምስክሩ፤
ክንፍ ይዋሻል፣ ፊት ይዋሻል፤ ከውስጥ ነው ነገሩ።»
እኔ ሻሼን ሳብኩ፣ ፊቴ ፍም መሰለ፤
እሷ ዘንድ ግን ሐፍረት የሚባል ነገር የለ።
አባቷ የርኔይ ቁልፍ ሠሪ ነበር፤
«ጥርሱን እዪው» ይላት፣ «የእጀታው ነገር ይቅር።»

ሆዱን በሙቅ ውሃ ታለሰልሳለች፣
በሁለት መርፌ ጫፍ ከፍታ ታወጣለች፤
ሥጋው እስኪሟሟ በአመድ ውሃ ቀቅላ
ከግሊሰሪን ጠብታ ታኖረዋለች አንጠልጥላ።
«እዪ» አለችኝ፣ አየሁ፦ እንደ ማጭድ የጎበጠ፤
የሌላው ግን እንደ ሹካ፣ በሁለት ጣት ያፈጠጠ።
«አየሽ? ሁለት ሕዝብ ናቸው፣ ከቶ የማይጋቡ፣
አንድ ዓይነት ካፖርት ለብሰው በየበራቸው የሚገቡ።»
«ሴቶቹስ?» አልኳት። «እነሱ በሌላ ሳጥን፤
ከባል ጋር ካልተያዙ፣ ማነሽ የሚላቸው አላገኘን።»

ሁለት ሕዝብ ስትል ጣቴ ከመጥረጊያው ላላ።
እኛም አገር፣ ጊዜው ከከፋ በኋላ፣
ከአውቶቡስ አውርደው ወንዶቹን ደረደሩ፤
ፊታቸው አንድ ነው፣ አንድ ነው ንግግሩ፣
ጢሙም፣ ሲጋራውም፣ እርግማኑም ጭምር።
ስለዚህ «ሱሪህን ፍታ! አንተ፣ ከዳር ጀምር!»
ወንድሜ ሀይሩዲን፣ ሃያ አንድ ዓመቱ፣
ስሙን እንኳ ሳያውቅ፣ በሕፃንነቱ
የተገረዘ ነው፣ ልክ እንደ አባቱ።
ያቺ ቁራጭ ቆዳ ሆነች መታወቂያው፤
እስከ ዛሬ ድረስ አልተገኘም ማረፊያው።

ይህን ለቶንችካ አልነገርኳትም።
ወለሉ ንጹሕ ነው፤ መጥረጌን ግን አላቆምኩም።

በኅዳር አንድ ማታ «ቁሚ!» ስትል ሰማሁ፤
እግሬን እንዳነሣሁ በአየር ላይ ቀረሁ።
ከሦስተኛው ዋሻ የተገኘ ወንድ፣
አንድ ብቻ፤ ዋሻውን ሊደፍነው ነው የመኪና መንገድ።
ነገዱ ልዩ ከሆነ ይቆማል ሥራው፤
ያን ሊመሰክር ነበር፤ መርፌዋ ሲያወጣው
ተፈናጥሮ ጠፋ፣
የሽፋሽፍት ግማሽ፣ ከትቢያ የማይሰፋ።

ሁለት አሮጊቶች ወለል ላይ ተንበርክከን፣
የጠረጴዛ መብራት እንደ ጧፍ ይዘን፣
ወንድነት ፍለጋ!
«ባሌም እንዲህ አልተፈለገ» አልኳት፤ በሳቅ ፈነዳች፤
እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች
እንደገና ሳቀች። ከዚያም ዝም አለች።
መጥረጊያዬ ከግድግዳው ተደግፎ አደረ፤
ቢሮው ሦስት ቀን ሙሉ ሳይጠረግ ነበረ።

ያን ሌሊት ቤቴ ደርሼ ካልሲዬን ሳወልቅ፣
ጉልበቱ ላይ አንዲት ነቁጥ፣ ቡናማ፣ ደቃቅ።
ትንፋሼን ያዝኩና ቆምኩኝ ለብቻዬ።
ላራግፋት አሰብኩ። እውነቱ ይኸው ነው፣ ጌታዬ።
አንዱ እንኳ ይትረፍ፣ አልኩ፣ ሳይለዩት፣ ሳይፈቱት፣
«ከየትኛው ነህ?» ብለው ሱሪ ሳያስወልቁት።
ግን ስም የሌለውን
መንገድ ይሄድበታል።

በአውቶቡስ ቲኬት ጠቅልዬ ወሰድኳት፣ ጠዋት፤
ቶንችካ በጥንቃቄ ከሌንሱ ሥር አኖረቻት፤
ረጅም ጊዜ አየች፣ ቀናም ሳትል ቆየች፤
«የዳቦ ፍርፋሪ ነው፣ ሴናይዳ» አለች።

ዛሬም አቧራ ሳራግፍ፣ ከመሳቢያው ጥግ
የእጅ ጽሑፏ አለ፣ ፊደሉ እንደ ክር ቀጭን፦
«ወንድ። አንድ። ሦስተኛው ዋሻ።
ዝርያው ያልታወቀ።»
መስታወቱ ንጹሕ ነው።
እንደገና እወለውለዋለሁ።